የእሁድ ጠዋት ዜና

ሬሳውን ያገኘው ጎርፉ ነው ማለት ይቀላል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው የሐምሌ ዶፍ የካዛንቺስን ዳገት እየጠረገ፣ ላስቲኩንም የበቆሎ ቆረቆንዳውንም እያንገላታ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ከእትዬ ለተ አረቄ ቤት ጀርባ ካለው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ላይ አንድ የማይጠረግ ነገር ገጠመው። ውኃው ተጠራቅሞ ወደ ጎን ዞረ። ግቢዋ የተጥለቀለቀባት አንዲት ጎረቤት ቦዩን ምን ደፈነው ብላ ጃንጥላ ይዛ ወጣች። የደፈነው ልብስ ሰፊው ገብረዋህድ ነበር። በጀርባው ተንጋሎ፣ ክራቫቱ እንኳ ሳይላላ፣ ዓይኑን ለዝናቡ ገልጦ ተኝቷል።

ፖሊስ ገዳዩን ፍለጋ አልደከመም። ገዳዩ ራሱ መጣ። ሬሳው ገና ለምርመራ ሳይነሳ ካሳይ፣ ለገሃር ባቡር ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀው ጡረተኛ፣ ሸሚዙን በፌስታል ጠቅልሎ ጣቢያ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሸሚዙ ላይ ደም ነበር።

«ገብረዋህድን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሰክሬ ነበር።»

ቃሉን ሰጠ፣ ፈረመ፣ ታሰረ። በሚቀጥለው ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይህንኑ ሊደግም ነው።

ኢንስፔክተር መዝገቡ ነገሩን የሰማው ከሌላ ሥራ ተመልሶ ቢሮው ሲደርስ ነው። በሩ ላይ አንዲት ወጣት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። የካሳይ ልጅ ራሕዋ ነበረች።

«አባቴ ዝንብ አይገድልም አልልዎትም» አለችው ገና ሳይጠይቃት። «ሲሰክር ይቆጣል፤ ብርጭቆም ይሰብራል። ግን ጋሽ ገብረዋህድን? ወንድሜ ሃበን መኪና ገጭቶት የሞተ ጊዜ ከአባዬ ጎን አርባ ቀን ያልተነሳው እሱ ነው እኮ። አሁን አባዬ ጠበቃም አልፈልግም ብሏል። ‹አድርጌዋለሁ፣ እከፍላለሁ› ነው የሚለው። ከእሱ ሌላ ሰው የለኝም።»

ሳጅን ቸሩ ከኋላዋ ብቅ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሟች አለ፣ ገዳይ አለ፣ ደም ያለበት ሸሚዝ አለ። እገድልሃለሁ ብሎ አንገት ሲያንቅ ያየ ምስክርም አለ። ምን ጎደለ ጌታዬ?»

«ምንም አልጎደለም» አለ መዝገቡ። «እሱ ነው ያልጣመኝ።»

መዝገቡ ሁሉም ሰው የተስማማበት ነገር ሲገጥመው እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነበር። ቡዳፔስት ተምሮ ከተመለሰ ብዙ ክረምት አልፎታል። ይዞት የመጣው ዲግሪ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው እያሉ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። እሱም አይከራከራቸውም፤ ይህንንም ይጠረጥረዋልና።

ካሳይን ከማረፊያ ክፍሉ አስወጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሰውየው በሁለት ቀን ውስጥ አርጅቷል። ግንባሩ ላይ ከቅንድቡ በላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ወይን ጠጅ ሰንበር አለ።

«ይንገሩኝ ጋሽ ካሳይ።»

«ደረጃው አፍ ላይ አንገቱን ያዝኩት። ‹ተው ካሳይ፣ ወንድምህ ነኝ› አለኝ። ገፈተርኩት። ወደቀ። ተከትዬ ወረድኩና ድንጋይ አንስቼ መታሁት።» ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድም ቃል ሳያደናቅፈው ተናገረ።

«ዝናብ ነበር?»

ካሳይ መዳፉን አገላብጦ አየ።

«ድንጋዩ ከባድ ነበር? እርጥብ ነበር? በየትኛው እጅዎ አነሱት?»

«እሱን… አላስታውስም።»

«ከእትዬ ለተ ቤት እንዴት ወጡ?»

«አላውቅም።»

«ቤትዎስ እንዴት ገቡ?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ ልጄ።»

«እሺ። ከደረጃው በፊት በመጨረሻ ትዝ የሚልዎት ምንድነው?»

ካሳይ ዓይኑን ጨፈነ። «ገብረዋህድ ስለ ሃበን አነሳ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ የልጄን ስም በሰካራም አፉ ሲጠራው ደሜ ፈላ። አንገቱን አነቅኩት። እትዬ ለተ ጮኹ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።»

«በጨለማው መሃል ደረጃው ብቻ በራ?»

«እግዜር ሊቀጣኝ ይሆናላ እሷን ብቻ የተወልኝ።»

መዝገቡ ሰንበሩን በጣቱ አመለከተ። «ይሄስ?»

«ስንታገል ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ መዝገቡ ቃሉን እየደገመ። ቡዳፔስት ሳለ አንድ ሽማግሌ መምህር ተማሪዎቻቸውን መጠጥ ቤት ጋብዘው አስክረዋቸው ነበር። በማግስቱ አንድ በአንድ እየጠሩ ማታ የሆነውን ጠየቋቸው። ያላደረገውን ነገር ‹አድርገሃል› የተባለ ልጅ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያፍራል፣ በመጨረሻ ራሱ ይተርከዋል። «አንጎል ባዶ ገጽ ያሳፍረዋል» ብለው ነበር ሽማግሌው። «የሰጡትን ይጽፍበታል፤ የራሱ ጽሕፈት እንደሆነም ይምላል።»

ሐኪሙ በስልክ የሰጡት ቃል አጭር ነበር። ሟቹ ብዙ ጠጥቷል። ከጭንቅላቱ ኋላ ሁለት ቁስል አለ፤ አንዱ የውድቀት፣ አንዱ የድንጋይ። ግንባሩም ላይ ቀጭን ሰንበር። መዝገቡ መጨረሻዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገማቸው።

እትዬ ለተ አረቄ ቤታቸውን ዘግተው ነበር። ለተገብርኤል ማለት በካዛንቺስ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የማያውቃቸው የለም፤ ትግርኛና አማርኛ ቀላቅለው ሲቆጡ ሰካራም ሁሉ ይሰለፋል። መዝገቡን በጓሮ በር አስገቡት። ሊገባ ሲል ግንባሩ ከአንድ አግዳሚ እንጨት ጋር ተላተመና ዓይኑ ብልጭ አለበት።

«ውይ ወደይ፣ ውይ ልጄ! ልነግርህ ስል» አሉ እትዬ ለተ። «ለዝናቡ ሸራ ልወጥርበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ያሰርኩት። እኔንም አጋጭቶኛል። ተነቅሎ ይጣል ስል ሰው ሞተብኝና ረሳሁት።»

መዝገቡ ግንባሩን እያሻሸ እንጨቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። የተመታ ሰው የሚያሳየው ፊት አልነበረም፤ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«ቅዳሜ ማታ የጠጡት ሁሉ በዚህ በር ወጡ?»

«በዚህ ነው። የፊቱን በዝናብ ምክንያት ቀድሜ ቆልፌው ነበር። ሦስቱም፤ ካሳይ፣ ገብረዋህድና መኪና መንዳት የሚያስተምረው ታዲዎስ። ሃያ ዓመት አብረው ነው የጠጡት። ቅዳሜ ማታ እዚህ ይሰክራሉ፣ እሁድ ጠዋት እዚሁ ተመልሰው ቅቅል ይበላሉ። ታዲዎስ ዜና ያነብላቸዋል።»

«የምን ዜና?»

እትዬ ለተ ሐዘናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። «ማታ የሠሩትን ነዋ! ‹አንተ ካሳይ፣ ትናንት ለመብራት እንጨት ሰላምታ ሰጥተሃል። ገብረዋህድ፣ የባለሱቁን የሙሐሲንን ፍየል ለመለካት ሜትር አውጥተሃል› እያለ። እነሱ ምኑን ያስታውሳሉ? ይስቃሉ፣ ያፍራሉ፣ ይቅርታ የሚጠየቀውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ‹ዜና› ብለው ነው የሚጠሩት።»

«ታዲዎስ ላይስ ዜና የሚያነበው ማነው?»

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «እሱ ላይ… ከስንት ክረምት ወዲህ ተነቦበት አያውቅም» አሉ፤ ራሳቸውም ገና ያን ጊዜ ያስተዋሉት ይመስላል።

«ገብረዋህድ ስለ ሃበን ምን አለ?»

«‹ሃበን ሲሞት እኔም እዚያ ነበርኩ› አለው። ቀብሩን ማለቱ መሰለኝ። ካሳይ አነቀው። ታዲዎስ ገላገለ። ገብረዋህድ እያለቀሰ ‹ነገ እነግርሃለሁ፣ ጠዋት ሳይጠጣ ይሻላል› ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወጡ።»

መዝገቡ ሌላም አንድ ጥያቄ በጆሮአቸው ጠየቃቸው። እትዬ ለተ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። መልሱንም በጆሮው ነገሩት።

ከመንገዱ ማዶ ሙሐሲን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው አገኘው። ሙሐሲን ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ፣ አንደበቱ እንደ ምላጭ የሆነ ወጣት ነው።

«ወደ እኔ እንደሚመጡ አውቄአለሁ» አለ። «በሰፈሩ የማልጠጣ እኔ ብቻ ነኝ፤ የማይጠጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ያስጠረጥራል።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር ይባላል።»

«በሳምንት አንዴ! ሱቄ በር ላይ ይሸናል በቃ። ጠዋት መጥቶ ደግሞ ‹ዜና ነገረኝ፣ ይቅር በለኝ› ብሎ የተቀደደ ሱሪዬን በነፃ ይሰፋልኛል። አላህ ይማረው፣ አምስት ሱሪ አለኝ በእሱ ሽንት።»

መዝገቡ ሳቁን ዋጠ። «ሲሰክር እንዴት ነበር አካሄዱ?»

«እንደ ጳጳስ! ክራቫቱን ያስተካክላል፣ ቀጥ ይላል፣ አንድ እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ያስባል። ጋሽ ካሳይም እንዲሁ፤ ሰላም ሲለኝ እንደ ወታደር ነው። ታዲዎስ ግን ለጉድ ነው የሚንገዳገደው። በተለይ እኔ በር ላይ ቆሜ ካየኝ።»

«ካላየህስ?»

«ካላየኝ… እንጃ፣ ማለቴ፣ ማታ ሳየው ሁሌ አይቶኛል።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ በር ዘግቼ ውስጥ ነበርኩ። ሲዘፍን ሰማሁት። ዘፍኖ አያውቅም ነበር፤ የዛን ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው የፈለገ ይመስል ነበር።»

መዝገቡ ወደ ካሳይ ቤት ወረደ። ራሕዋ የአባቷን ጫማ አውጥታ አሳየችው። ወፍራም ቆዳ ጫማ፣ የባቡር ሠራተኛ ጫማ ነው።

«ታዲዎስ ደግፎ አመጣው» አለች። «አባዬ ራሱን አያውቅም። አልጋው ላይ ወረወርነውና ጫማውን ላወልቅ ብል ክሩ ረጥቦ፣ ድርብ ቋጠሮ ሆኖ እምቢ አለኝ። ታዲዎስ ‹ተዪው ለእኔ› ብሎ ቁጭ አለና ፈታው።»

«ሰክሮ አልነበረም?»

«ሰክሮ ነበር እንጂ፣ ግድግዳውን ይዞ ነው የገባው። ግን ፈታው። በፋኖስ።» ራሕዋ በራሷ ቃል ግራ ተጋባች። «ጠዋት ደግሞ መጥቶ ከአባዬ ጋር በር ዘግተው ተቀመጡ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ አባዬ ሸሚዙን አንስቶ ወደ ጣቢያ ሄደ።»

«ሸሚዙ ላይ ደሙ የት ነበር? አይተሽዋል?»

ራሕዋ እጇን አነሳችና ከብብቷ በታች ወደ ጀርባዋ በኩል ነካች። «እዚህ።»

ታዲዎስን ያገኘው መስቀል ፍላወር አካባቢ መንዳት የሚያስተምርበት ሜዳ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። አንዲት ተማሪ መኪናውን እያንገጫገጨች ወደ ኋላ ስታስኬደው «ፍሬን! ፍሬን እህቴ!» እያለ ይጮህ ነበር። መዝገቡን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ካሳይ እንዴት ነው? ይቀልለታል? ሰክሮ ነው እኮ ያደረገው። ዳኛ ይህን ያያል አይደል?»

«እርስዎ ምን ያስታውሳሉ?»

«ለሳጅኑ እንደነገርኩት ነው። ከሦስተኛው መለኪያ በኋላ ምንም። አረቄው ጠንካራ ነበር።»

«ቤትዎ እንዴት ደረሱ?»

«መንገዱን እግሬ ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም።»

«ካሳይን ያደረሱት እርስዎ ነዎት።»

«ራሕዋ ካለች ነዋ። እኔ ግን አላስታውስም።»

ያች ተማሪ መኪናውን በድንገት አቆመችው። መዝገቡ የታዲዎስን ግንባር ተመለከተ። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። በሰማዩ ላይ ደመናው ወርዶ የቤቶቹን ቆርቆሮ ሊነካ ደርሷል፤ መዝገቡ ምክንያቱን ሳያውቅ ኮቱን ቆለፈ። ከዚህ ሰው ጋር ቆሞ ማውራቱ ደረጃ አፍ ላይ እንደመቆም ሆኖበት ነበር።

እሁድ ጠዋት እትዬ ለተ በመዝገቡ ልመና ቅቅል ቀቀሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ራሕዋ ከግድግዳው ተጠግታ፣ ሙሐሲን በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ታዲዎስ እንደ ወትሮው ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጦ ነበር። ሳጅን ቸሩ ካሳይን በካቴና አስገባው። ካሳይ የገብረዋህድን ባዶ ወንበር ሲያይ በሩ ላይ ቆመ፤ ራሕዋ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ዜናውን የማነበው እኔ ነኝ» አለ መዝገቡ። «ተሳስቼ እንደሆነ አቁሙኝ፤ እኔም ራሴን ብዙ አላምነውም።

«አረቄ አንጎል ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈታው ፍሬኑን ነው። ሰው ዓመት ሙሉ ውጦ የያዘውን ቃል በአንድ ማታ ይተፋዋል። ገብረዋህድ የሆነው ይህ ነው። ሌላ ጊዜ በትዕግሥት የሚያልፈውን ደግሞ አንገት ያንቅበታል። ጋሽ ካሳይ የሆኑት ይህ ነው። ቀጥሎ እግርና ጣት አይታዘዙም። ከሁሉ በኋላ ግን፣ የሆነውን የሚጽፈው የአንጎል ክፍል ይተኛል። ሰውየው ይሄዳል፣ ያወራል፣ ይሳደባል፤ የሚጻፍ ነገር ግን የለም። የተረሳ አይደለም። ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ቢለቀስም ቢጸለይም አይነበብም።

«ጋሽ ካሳይ ከዚህ ቤት ከወጡበት እስከ ጠዋት ባዶ ናቸው። ደረጃው ብቻ አላቸው፤ እሱም ዝናብ የሌለበት ደረጃ፣ ክብደት የሌለው ድንጋይ። ቃሉን ያውቁታል፤ ነገሩን አያውቁትም። የሰሙት እንጂ ያደረጉት አይደለም። ማን ነገረዎት ጋሽ ካሳይ?»

ካሳይ ቀና አለ። «ታዲዎስ ነዋ» አለ፤ የሚያስገርም ነገር እንዳልሆነ ሁሉ። «እሁድ አይደል? እሱ አይደል ሁልጊዜ የሚነግረን? እሱ ሲነግረኝ ትዝ አለኝ።»

«አቶ ታዲዎስ ግን ለፖሊስ ከሦስተኛው መለኪያ በኋላ አላስታውስም ብለዋል።»

ታዲዎስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጓደኛዬን አሳልፌ ልስጥ? አውቃለሁ ብል ምስክር ያደርጉኝ ነበር። እሱን ለማዳን ነው የዋሸሁት።»

«ጥሩ መልስ ነው» አለ መዝገቡ። «እኔም አስቤዋለሁ። ስለዚህ ሌላ ልጠይቅዎት። ግንባርዎን አላመምዎትም?»

«ለምን ያመኛል?»

«በዚያ በር የወጣ ሁሉ ግንባሩ ተመትቷል። ጋሽ ካሳይ ሰንበር አላቸው። ሟቹም አለው። እኔም ሳልጠጣ ይኸው። የሰከረ ሰው በለመደው መንገድ ነው የሚሄደው፤ ያን ቀን የታሰረ እንጨት አያይም። ከሦስቱ ረጅሙ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«ጎንበስ ብዬ ነዋ ያለፍኩት!» አለ ታዲዎስ። «እትዬ ለተ…» ብሎ አቆመ።

«ሰክሮ የማያስታውስ ሰው ጎንበስ ማለቱን አስታወሰ። በፋኖስ ብርሃን እርጥብ ድርብ ቋጠሮም ፈታ። ሰካራም ሰው ሲሄድ ቀጥ ለማለት ነው የሚታገለው፤ ሙሐሲን እንዳለው፣ እንደ ጳጳስ። ለመንገዳገድ የሚታገለው ያልሰከረ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ለተ፣ በጆሮዬ የነገሩኝን ይንገሯቸው።»

እትዬ ለተ አቀርቅረው ተናገሩ። «ይቅር በለኝ ታዲዎስ። ምስጢር ነው ብለህ ነበር። ‹መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ› አልከኝ። አረቄና ውኃ መልኩ አንድ ነው፤ ለእሱ ከሌላው ጠርሙስ ነው የምቀዳለት። ውኃ ነው የሚጠጣው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃበን ከሞተበት ክረምት ጀምሮ።»

ካሳይ ካቴናው እየተንቀጫቀጨ ወደ ታዲዎስ ዞረ።

«የሸሚዙ ደም ከብብት በታች ነው» ቀጠለ መዝገቡ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የሚመታ ሰው እዚያ ጋ ደም አይነካውም። ደግፎ የሚያነሳ ሰው እጅ ግን እዚያ ያርፋል። ጋሽ ካሳይ ሰክረው እዚሁ ጓሮው ክፍክፍ ስር ወድቀው ነበር ማለት ነው። ገብረዋህድ ደረጃው ላይ ሞተ፤ ከዚያ ያ እጅ ተመልሶ ጋሽ ካሳይን አነሳ። ምክንያቱን ደግሞ ገብረዋህድ ራሱ ተናግሮታል፤ ‹ሃበን ሲሞት እኔም እዚያ ነበርኩ።› ሃበን የሞተው አስፋልት ላይ ነው። የገጨው መኪና አልቆመም። እዚያ ነበርኩ ማለት የሚችለው መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው፤ አብሮት የነበረውም ከዚያ ክረምት ጀምሮ አረቄ ያልቀመሰው ሰው ነው።»

ታዲዎስ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«‹ነገ እነግረዋለሁ› አለኝ» አለ። «ደረጃው ላይ ለመንኩት። ዓመታት ሙሉ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም አልኩት። ‹ከዚህ በላይ አልችልም፣ እነግረዋለሁ› አለኝ። በቃ… ገፋሁት። ተንፈስ ተንፈስ ሲል ደግሞ… ካሳይ፣ አንተ ላይ ያደረግኩት ‹ሰክሮ ነበር› ተብሎ ይቀልልሃል ብዬ ነው።»

ቸሩ ካቴናውን ከእጁ ሲፈታለት የካሳይ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ልጄን የገጨኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውሱታል?» አለ መዝገቡ።

ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ ራሱንም አስደነገጠው። ታዲዎስ አየው።

«ገብረዋህድ ነው የነገረኝ» አለ። «ጠዋት። ‹ትናንት አንተ ስትነዳ ልጅ ገጭተናል፤ የካሳይ ልጅ ነው› አለኝ። ያን ጊዜ ዜና የሚነግረን እሱ ነበር፤ እኔ ምኑንም አላውቀውም።»

«ሲነቁ የት ነበሩ?»

«መኪናው ውስጥ ነዋ።»

«የቱ ወንበር ላይ?»

ታዲዎስ የተቀመጠበትን ወንበር ዝቅ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ቀስ እያለ ወረደ።

«ከኋላ» አለ። «ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ነበር።»

ራሕዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መዝገቡ የባዶውን ወንበር መደገፊያ ይዞ ቆመ። «ምናልባት ነድተው ካቆሙት በኋላ ወደ ኋላ ተሻግረው ተኝተው ይሆናል» አለ። «ምናልባትም መሪውን የያዘው ገብረዋህድ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ ሊናገር የፈለገውም ይህንኑ ይሆናል። እርስዎ ጠዋትን አልጠበቁትም።»

«አይደለም» አለ ታዲዎስ። «አይደለም፣ አይሆንም። ያን ሁሉ ዓመት እኔ…»

«ልጄ» አለው ካሳይ መዝገቡን። «አንተ የተማርክ ነህ። ማን ነበር የሚነዳው?»

መዝገቡ ለዚህ ሰው ውሸት ቢኖረው ይሰጠው ነበር። «አላውቅም ጋሽ ካሳይ። አንደኛው ሞቷል። የሌላኛው አንጎል አልጻፈውም።»

ካሳይ ተነሳ። ራሕዋ ልትይዘው ስትል በእጁ ከለከላት። ጠረጴዛውን ዞሮ ታዲዎስ ፊት ቆመና፣ ሃያ ዓመት እሁድ እሁድ ጠዋት እንደሚያደርገው፣ ወንበር ስቦ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠ።

«ዜና» አለው ቀስ ብሎ። «ንገረኝ እስቲ። ሁልጊዜ የምትነግረኝ አንተ አይደለህ?»

ታዲዎስ የሚናገር ይመስል ከንፈሩን አላቀቀ። ካሳይ ጠበቀ። ቸሩ ካቴናውን ይዞ ጠበቀ። ውጭ ዝናቡ ሸራውን ሞልቶ፣ አግዳሚውን እንጨት አጉብጦ፣ ወደ ደረጃው ይንዶለዶል ነበር።